የደራሲ ወኪል ወዴት ይገኛል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነበበ ንግግር)



ከእኛ አስቀድመው የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ አፈር መሸርሸር አስተምረውናል፤ የእኛ ነገር ከዚያ ጋር ሲመዛዘን ቀላል ሊመስል ይችላል። የምንናገረው ስለ ልብ ወለድ ነውና። ያውም በክፍል ውስጥ ስለሚጠናው ስለ ተከበረው ልብ ወለድ ሳይሆን፣ ተማሪው ከደብተሩ ሥር ደብቆ ስለሚያነበው፣ ሌባና ፖሊስ ስለሚሳደዱበት፣ ሰላይ በሌሊት ድንበር ስለሚሻገርበት፣ ሁለት ፍቅረኞች ስለሚጠፋፉበት መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ከአንባቢው እጅ የሚገባው በማን አማካይነት ነው? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ከክፍላችን አንዲት እኅታችን በአምስት ደብተር የተሞላ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ጽፋለች። አንድ የማር ነጋዴ ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ኮረም ሲሄድ በመንገድ ይጠፋል፤ የማሩ ቆርቆሮ ሳይነካ ይገኛል፤ ሰውየው ግን የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንነግራችሁም፤ ያላነበባችሁ ትቀየሙናላችሁ። ደብተሮቹ ከእጅ ወደ እጅ፣ ኋላም ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ቆይተው ወሬያቸው አዲስ አበባ ደረሰ። ስሙን የማንጠራው አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ረቂቁን በአንድ ጊዜ ክፍያ ልግዛሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእኔ ተዪው» አላት። የተባለው ገንዘብ ለገበሬ ቤት ትንሽ አይደለም፤ ልጅቱም በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምታስብ ናት። አባቷ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው «እናንተ መጽሐፍ ታነባላችሁና ምን ትላላችሁ?» ብለው ክበባችንን ጠየቁ። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት በሌላው አገር እንዴት እንደሚደረግ፣ በአገራችንም እንዴት ሲደረግ እንደ ኖረ መመርመር ግድ ሆነብን።

በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ ሰው የወንጀል ወይም የስለላ ወይም የፍቅር ልብ ወለድ ጽፎ ሲጨርስ፣ ረቂቁን ይዞ በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ አሳታሚዎች አይሄድም። ቢሄድም በሩ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትለትም። አስቀድሞ የሚፈልገው የደራሲ ወኪል የሚባለውን ባለሙያ ነው። ወኪሉ አራሚም፣ ነጋዴም፣ ጠበቃም አይደለም፤ ነገር ግን ከሦስቱም ጥቂት ጥቂት አለበት። ረቂቁን አንብቦ የጎደለውን ይናገራል፤ የትኛው አሳታሚ ለእንዲህ ያለው ታሪክ ሆዱ እንደሚከፈት ያውቃል፤ ስለ ውሉ ይከራከራል፤ ገንዘቡም ሲመጣ የራሱን ድርሻ አንሥቶ የቀረውን ለደራሲው ያስረክባል። ይህ ሥራ በለንደን ጎልቶ የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ወኪሎች መካከል ስሙ የሚጠራው ስኮትላንዳዊው ኤ. ፒ. ዋት ነው። እርሱ ከደራሲው ገቢ ከመቶ 10 ይወስድ ነበር። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው ከመቶ 15፣ ወደ ውጭ አገር ለሚሸጥ መብት ደግሞ ከመቶ 20 ነው።

ወኪል መኖሩ ምን እንደሚለውጥ ለማየት ከሼርሎክ ሆምስ የተሻለ ምስክር አላገኘንም። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ይህን መርማሪ በመጻሕፍት ቤቱ ጥግ ከነበሩት አሮጌ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እናውቀዋለን፤ መምህሮቻችን ግን ለነፍስ የሚጠቅመውን እንድናስቀድም ይመክሩን ነበር። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል የመጀመሪያውን የሆምስ ልብ ወለድ የጻፈው ገና ወጣት ሐኪም ሳለ ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ከመለሱበት በኋላ አንድ ድርጅት ሙሉውን መብት በ25 ፓውንድ ገዛው፤ ያውም «በዚህ ዓመት ገበያው በርካሽ ልብ ወለድ ስለ ተሞላ ለመጪው ዓመት ይቆይ» ከሚል ቃል ጋር ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1887 ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ቢታተም፣ ስንት ሰው ቢያነበው፣ ለዶይል ከዚያች ከ25 ፓውንድ በላይ አልመጣለትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1891 አጫጭሮቹ የሆምስ ታሪኮች በወኪሉ በዋት እጅ ስትራንድ ለተባለው መጽሔት ቀረቡ፤ ብዙ ሳይቆይም ለአንዲት አጭር ታሪክ 50 ፓውንድ ይከፈለው ጀመር። ሰውየው ያው ሰው፣ መርማሪውም ያው መርማሪ ነው። አንድ አጭር ታሪክ ከአንድ ሙሉ መጽሐፍ እጥፍ አወጣ።

አጋታ ክሪስቲም እንዲሁ ናት። የመጀመሪያ መጽሐፏ ከአንድ በላይ በሆኑ አሳታሚዎች ከተመለሰባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920 ታተመ፤ በደስታ የፈረመችው ውል ግን ሌሎች አምስት መጻሕፍት ለዚያው ድርጅት በዝቅተኛ ክፍያ እንድትሰጥ የሚያስር ነበር። ቆይቶ ኤድመንድ ኮርክ የተባለ ወኪል ያዘችና ቀጣዩን ውል እርሱ ተነጋገረላት፤ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታትም አብሯት ሠራ። እንግዲህ የዓለምን ገበያ የሞሉት እነዚህ ሁለቱ ሳይቀሩ፣ ብቻቸውን በቆሙበት ጊዜ የፈረሙት ውል የጎዳቸው ነበር።

ወኪሉን የማግኘቱ ብልሃት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ መጽሐፉን ይጨርሳል፤ ያልተጨረሰ ልብ ወለድ ይዞ ወኪል መፈለግ ያልታረሰ መሬት ላይ አጫጅ መቅጠር ነውና። ቀጥሎ እርሱ የጻፈውን ዓይነት መጽሐፍ የሚያስተናግዱ ወኪሎች እነማን እንደ ሆኑ ይመረምራል፤ የወንጀል ታሪክ የሚወድ ወኪል የፍቅር ታሪክ ቢላክለት አያነበውም። አንዳንድ ደራሲ በሚወደው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ካለው የምስጋና ገጽ የወኪሉን ስም ይለቅማል፤ ይህ ዘዴ በጣም ደስ ብሎናል። ከዚያ የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የታሪኩን አጭር መግለጫና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምዕራፎች ይልካል። ደብዳቤው ራስን ማሞገሻ አይደለም፤ ባለታሪኩ ማን ነው፣ ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ ባይሳካለትስ ምን ያጣል የሚለውን የሚናገር ነው። ለወንጀል ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ርዝመት ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቃል ነው። የእኅታችንን ደብተሮች ብንቆጥር 41 ሺህ ያህል ሆነ፤ ነገር ግን አንዱ የአማርኛ ግሥ የእንግሊዝኛ ሦስትና አራት ቃል ተሸክሞ ስለሚሄድ በዚህ አላዘንንም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በብርቱ ያጤንነው ነገር አንድ ነው። በዚያ አገር የታመነ ወኪል ረቂቅ ለማንበብ ገንዘብ አይቀበልም፤ በማኅበራቸው ደንብም የተነቀፈ ነው። የሚበላው ደራሲው ሲበላ ብቻ ነው። «ለማንበቢያ ይህን ያህል፣ ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ላክ» የሚል ሰው ከተነሣ፣ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከጸሐፊው ተስፋ ላይ ሊነግድ የመጣ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ዛሬ ስልክ በየእጃችን ስላለ እንዲህ ያለው ሰው ሰቆጣ ድረስ ለመምጣት አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልገውም።

አሁን «ታዲያ እኅታችሁ ለለንደን ትጻፍ» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የለንደኑ ወኪል አማርኛ አያነብም። እንደ ዲናው መንግሥቱና እንደ መዓዛ መንግሥቴ ያሉት ኢትዮጵያውያን ደራስያን በዚያ ዓለም የታወቁት በእንግሊዝኛ ስለ ጻፉ ነው። በአማርኛ የተጻፈ የሕዝብ ልብ ወለድ ያን በር ለማለፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» እንማራለን። መጽሐፉ ፍቅርም ስለላም ጦርነትም ያለበት፣ አንዴ የጀመሩት የማይቀመጥ ነው። በ1975 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጣ፤ ወዲያውም ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ በሁለት ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለውጭው አንባቢ የቀረበው በ2017 ዓ.ም. ነው። 42 ዓመት መሆኑ ነው። የእኛ እኅት ግን ገንዘቡን የምትፈልገው ለመጪው መስከረም ነው።

ስለዚህ ወደ አገራችን እንመለስ፤ ያውም ሩቅ መሄድ አያሻንም። በኢትዮጵያ የስለላ መጽሐፍ በተነሣ ቁጥር ስማቸው የሚጠራው አቶ ማሞ ውድነህ የዋግ ልጅ ናቸው፤ በ1923 ዓ.ም. የተወለዱት በአምደ ወርቅ ነው። በ2004 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በጋዜጠኝነት፣ በተርጓሚነትና በደራሲነት ኖሩ፤ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበሩ። በደማስቆ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ተሰቀለው የእስራኤል ሰላይ ስለ ኤሊ ኮኸን የሚናገረውን «የኛ ሰው በደማስቆ» ያላነበበ የአባቶቻችን እኩያ ጥቂት ነው፤ ወይ ገዝቶ፣ ወይ ከመጽሐፍ አከራይ በቀን ሒሳብ ወስዶ በኩራዝ ብርሃን አንብቦታል። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ጊዜ ማሳለፊያ» ይሉታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ብዙ ሰው ማንበብን የለመደው በዚሁ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ መሰላሉን የወጣ ሰው የመጀመሪያውን እርከን ባይረግጠው ጥሩ ነው።

በዚያ ዘመን የደራሲ ወኪል የሚባል ሙያ በአገራችን አልነበረም። ደራሲው ረቂቁን በመጀመሪያ ለመንግሥት የጽሑፍ ምርመራ ያቀርባል፤ «ይህ ይውጣ፣ ያ ይግባ» ይባላል። ሲፈቀድለት ወደ ማተሚያ ቤት፣ ለምሳሌ በ1914 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ወደ ብርሃንና ሰላም ይሄድና ዋጋ ይጠይቃል፤ ገንዘቡን ከደመወዙ ወይም ከወዳጅ ብድር ይከፍላል፤ ከዚያም መጽሐፉን ለሱቆች ያድላል፤ ሒሳቡን ለመሰብሰብ እንደ ገና ይዞራል። ኩራዝ በነበረበት ጊዜ አንባቢና አራሚ ያለው አሳታሚ ስለ ነበረ ለአንዳንዶቹ ነገሩ ቀሎ ነበር፤ በሩ ግን የመንግሥት በር ነው፤ ኦሮማይም ያየው ያንኑ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ የመጻፍ ነፃነቱ ሰፋ፤ የማሳተሚያው ወጪ ግን በደራሲው ጫንቃ ላይ እንዳለ ቀረ። እንዲህም ሆኖ የሕዝብ ልብ ወለድ አልሞተም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ስለላና ምሥጢር ይዞ ደጋግሞ ታተመ፤ በየመንገዱ በአዟሪዎች ክንድ ላይ ተደርድሮ ተሸጠ።

ይህን ስናጠና አንድ ነገር ተገለጠልን። የወኪሉ ሥራ በአገራችን የለም ማለት ትክክል አይደለም፤ ተበጣጥሶ በየሰዉ እጅ ይገኛል እንጂ። መጀመሪያ አንብቦ «ይህ ምዕራፍ ይረዝማል» የሚለው መምህሩ ነው፤ ጽሑፉን በኮምፒውተር የሚለቅመው የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ነው፤ ከማተሚያ ቤት ዋጋ የሚያመጣው አዲስ አበባ ያለው የአክስት ልጅ ነው፤ የሚያከፋፍለው ደግሞ መጽሐፉን በቅናሽ የሚረከበው አከፋፋይ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ጥቅሙ ከደራሲው ጥቅም ጋር የታሰረ አንድ ሰው የለም። አከፋፋዩ ርካሽ መግዛትን ይፈልጋል፤ ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉ ተሸጠ አልተሸጠ ዋጋውን ተቀብሏል፤ የአክስት ልጅም የራሱ ሥራ አለው። ጎደሎው ይህ ነው፤ ወረቀትና ማሽን ብቻ አይደለም።

አንድ አባት ይህን ስንነግራቸው «እንዴ፣ ደላላ ነዋ የምትሉት!» አሉን። ደላላ የሚለው ቃል በአገራችን ክብር የለውም፤ ብዙ ጊዜም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በእኛው ገበያ የሚሆነውን እንመልከት። ከቆላ ማሩን ተሸክሞ የመጣው ገበሬ የወልድያን ዋጋ አያውቅም፤ ሲመሽበት ወደ ቤቱ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለጠየቀው ይሰጣል። ገዢው ግን ዋጋውን ያውቃል፤ ጊዜም አለው። በመካከላቸው ዋጋ የሚያውቅና ከገበሬው ጎን የቆመ ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው ከመቶ 10 ቢወስድ ገበሬው ተጎዳ አይባልም። ክፉው ደላላ ከሁለቱም ወገን የሚበላው ነው። የደራሲ ወኪል ግን ከአንድ ወገን ብቻ ይበላል፤ ልዩነቱም ይኸው ነው።

እንግዲህ ለእኅታችን አባት የሰጠነውን መልስ እንናገር። በመጀመሪያ ሕጉን አነበብን። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት፣ አንድ ሥራ ተጽፎ ከተቀመጠ ጀምሮ መብቱ የጸሐፊው ነው፤ በደብተር ቢሆንም በመጽሐፍ ቢሆንም ልዩነት የለውም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። መብት ማስተላለፍ ወይም መፍቀድ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በስልክ የተባለ ነገር እንግዲህ አያስርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ማሳተም ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ ከሕግ መጻሕፍት መካከል ይህን ያህል ደስ ብሎን ያነበብነው የለም ብንል ትስቁብን ይሆናል። ደግሞም እኅታችን ገና 17 ዓመቷ ስለ ሆነ ብቻዋን የምትፈርመው ውል የለም፤ አሳዳሪዋ አባቷ ናቸው። ሰውየው ግን በስልክ ያነጋገረው እርሷን ብቻ ነበር፤ ይህን ልብ አልን።

ከዚያም የዶይልን 25 ፓውንድ ለአባቷ ተረክንላቸው። በጥሞና ሰምተው «ሐኪሙ ሰውዬ በኋላ ሀብታም ሆኗል፤ የእኔ ልጅ ሌላ መጽሐፍ ባትጽፍስ?» አሉ። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ክበባችንም ሁለት ቀን ተከራከረበት። ገንዘቡ ዛሬ በእጅ ያለ ነው፤ መጽሐፉ ግን ላይሸጥ ይችላል። ከመካከላችን ሦስቱ «ትሽጠው» አሉ፤ የቀሩት «አትሽጠው» አሉ። በመጨረሻ የተስማማንበት መካከለኛው መንገድ ነው፤ ይኸውም ሰውየው መጽሐፉን ለአንድ እትም ብቻ፣ በቁጥር ለተወሰነ ቅጂ፣ ለወረቀት ብቻ እንዲያሳትም መፍቀድ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ እንደ ቀብድ ይቆጠራል፤ ከተሸጠው ላይ ደግሞ ከመቶ የተወሰነ ድርሻ ይታሰባል። በድምፅ ተነቦ በስልክ የሚደመጠው፣ ፊልም የሚሆነው፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጎመው መብት ከልጅቱ ጋር ይቀራል። ትርጉም ስንል ስለ እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም፤ የማር ነጋዴው እናት በታሪኩ ውስጥ የሚናገሩት ኽምጣና ስለ ሆነ፣ አንድ ቀን መላው መጽሐፍ በዚሁ በአገራችን ቋንቋ ቢወጣ ብለን ነው።

ይህን ማን ይናገርላት? እርሷ ጸሐፊ ናት፤ ስልክ ሲጮህ እጇ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ከክበባችን አንዱን መረጥን፤ ስሙን ታውቁታላችሁ። አንድ መስመር ግጥም መግጠም አይችልም፤ ነገር ግን በፍየል ገበያ ከእርሱ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም፤ ደግሞም አምስቱን ደብተር ሁለት ጊዜ አንብቧል። ወኪል ለመሆን ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? የውክልናውን ወረቀት በአባቷ ስም አዘጋጀን። ድርሻውን እንደ ዋት ከመቶ 10 አደረግነው። እኅታችን ግን ወረቀቱን ተመልክታ «ከመቶ 8» አለች፤ አባቷም ሳቁ፤ በ8 ተፈረመ። ለሰውየው በጽሑፍ ያቀረብነው አሳብ ከተላከ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን መልስ የለም። ላይመጣም ይችላል። በዚህ መካከል ወኪላችን ሌሎች ሁለት አሳታሚዎችን በደብዳቤ ጠይቋል፤ ለአንዱም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ልኳል።

በክበባችን ውስጥ መጻፍ የሚወዱ 14 ተማሪዎች አሉ። አንብበው የሚፈርዱ፣ ሒሳብ የሚያውቁ፣ ሰው ፊት ቆመው የሚናገሩ ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ከታናናሾቻችን «እኔ መጻፍ አልችልም» የሚሉትን በተለይ እንፈልጋለን፤ ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ይምጡ።

ደብተሮቹ በኮምፒውተር እየተለቀሙ ነው፤ አራቱ አልቀዋል። ሦስተኛው ደብተር ግን ከሚያዝያ ጀምሮ አልተመለሰም። በእጃችሁ ያለ፣ አንብባችሁ ባትጨርሱም፣ እስከ ሰኞ ድረስ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አስረክቡልን።